ለጋሼ ዓይን የተጻፈ ትእዛዝ

የአክስቴ ባል ፎቶ አንሺ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ፈገግ» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙ የወጣለት ሳቂታ ስለሆነ አይደለም። ፊቱን ቋጥሮ ከካሜራው ኋላ ይቆምና፣ እንደሚቆጣ ሰው «ፈገግ በሉ» ይላል። ሰው የሚስቀው ታዞ ሳይሆን እሱን አይቶ ነበር። ፎቶው ላይ ግን ሳቅ ሳቅ ነው፤ ከምን እንደመጣ ማንም አይጠይቅም።

እኔ እሱን ጋሼ፣ አክስቴን እቴቴ እያልኩ ነው ያደግኩት። ፎቶ ቤታቸው ከእኛ በር እምብዛም አይርቅም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬ በራሱ ወደዚያ ይወስደኝ ነበር። የፊተኛው ክፍል የጋሼ ነው። ሐይቅና ተራራ የተሳለበት መጋረጃ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው መብራቶች፣ ሙሽሮች የሚቀመጡበት ወንበር፣ ማበጠሪያ በክር የታሰረበት መስታወት። የኋለኛው ጨለማ ክፍል ደግሞ የእቴቴ ነው። እሱ ያነሳል፣ እሷ ታጥባለች። ደንበኛ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው፤ የእሷን ፊት አንድም ቀን ሳያይ የልጆቹን ሁሉ የሠርግ ፎቶ እዚያ አስነስቶ የጨረሰ ሰው ነበር።

እጄን ኪሴ ውስጥ ካደረግኩ ጨለማ ክፍል መግባት ይፈቀድልኛል። ቀይ አምፖል ብቻ ይበራል። የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ሽታ አፍንጫ ይቆነጥጣል፤ ዛሬም ሆምጣጤ ሲሸተኝ እዚያ ያለሁ ይመስለኛል። እቴቴ ነጩን ወረቀት ሳህኑ ውስጥ አስተኝታ ቀስ እያለች ታወዛውዘዋለች። ትንሽ ቆይቶ ከምንም ውስጥ ቅንድብ ይወጣል፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ የሸሚዝ ኮሌታ። «መጣ» ትላለች፣ በሩን ያንኳኳ እንግዳ ያለ ይመስል።

የሠርግ ፎቶ ትልቁ ጣጣው ቀሚሱ ነበር። ነጭ ቀሚስና ጥቁር ሱፍ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ቀሚሱ በወጉ ይታይ ከተባለ የሙሽራው ፊት ጨለማ ይውጠዋል፤ ፊቱ ይታይ ከተባለ ደግሞ ቀሚሱ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እቴቴ፣ ብርሃን ወረቀቱን ስለሚያጠቁረው፣ መብራቱ ላዩ ላይ ሲያርፍ በመዳፏ የሙሽራውን ፊት ትከልላለች፣ ጣቶቿን ታንቀጠቅጣለች፣ ወዲያው ታነሳለች። ሁለቱም አምረው ይወጣሉ። መቼ ማንሳት እንዳለባት በምን እንደምታውቅ ስጠይቃት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እጄን ጠይቂው» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። መጀመሪያ የቀለም ፎቶ ማተሚያ መጣ፣ ቀጥሎ ዲጂታል ካሜራ፣ በመጨረሻም ስልኩ። ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆነ። ፎቶ ቤቱ ተዘግቶ ቤቱን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥ ሰው ተከራየው። ጋሼ በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ጀመር። የዕድሜ ልክ ሥራቸው፣ ማለትም በየጥቅሉ የተቀመጠው ኔጋቲቭ፣ በካርቶን በካርቶን ሆኖ ቤት ገባና አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ሶፋው ኋላ ተደረደረ። እናቴ የእህቷን ቤት በጎበኘች ቁጥር «ይኼን ኮተት መቼ ነው የምትጥሉት?» ትላለች። ሁለቱም እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

ልጃቸው ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ስትሄድ አሮጌ ኮምፒውተሯንና አንድ ስካነር ትታላቸው ሄደች። እቴቴ እጇ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንለትም። ኔጋቲቮቹን እያወጣች፣ አቧራቸውን በለስላሳ ብሩሽ እየጠረገች ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ጀመረች። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲገለብጠው ፊት ይወጣል። ያኔም ለብቻዋ «መጣ» ስትል ሰምቻታለሁ።

የጋሼ ዓይን መታመሙ የታወቀው በዚህ መሃል ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ እቴቴ የአንዲት ልጅ ፎቶ አውጥታ አሳየችው። ፎቶው ተንጋዷል፣ ጠርዙ ላይ የጣት አሻራ አለ፣ የልጅቷም ፊት ግማሹ ጥላ ውስጥ ነው። ጋሼ ጎንበስ ብሎ አየና «ጥሩ ነው» አለ።

እቴቴ ማውሱን ለቀቀች። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህ ሰው አንድም ፎቶ አይቶ ጥሩ ነው ብሎ አያውቅም። ወይ ጠቁሯል፣ ወይ ነጥቷል፣ ወይ አንገቱ ተቆርጧል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ዓይንህ።»

«ካርቶኖቹን ያመጣን ሰሞን መሰለኝ» አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፎቶ አንሺ ዓይኔ ታመመ ብሎ ለማን ይናገራል?»

ሐኪሙ የዓይን ግፊት እንደሆነ ነገራቸው። «የጠፋው አይመለስም አባቴ፤ የቀረዎትን ግን በጠብታ እንጠብቀዋለን» አላቸው። ከጎንና ከጎን ያለው ጠፍቶ መሃሉ ብቻ ቀርቶለታል። እሱም ቢሆን ጥቁሩና ነጩ በደንብ ካልተለያዩ ጭጋግ ነው የሚሆንበት። ቤት እንደገቡ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈተች።

የሁለት ወንድማማቾች ፎቶ ነበር የመረጠችው። አቀናችው፣ ጠርዙን ቆረጠችው፣ ፊታቸውን አጎላች፣ ከኋላቸው ያለውን መጋረጃ አደበዘዘች፣ ጥቁሩን አጠቆረች፣ ነጩን አነጣች። ከዚያ በሽቦ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ጋሼን ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ጋሼ አንገቱን ወዲህ ወዲያ አለ፣ ዓይኑ ፊቶቹን እስኪያገኝ።

«ይኼ ዳቦ ጋጋሪው ነው» አለ። «ያኛው ታናሽየው። ደህና ጫማ የነበራቸው አንድ ነው፤ ተራ በተራ እያደረጉ ተነሱ። አብረው ሲነሱ ግን ከጉልበት በታች አላስገባኋቸውም።»

እቴቴ ያን ቀን የተደሰተችውን ያህል ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት የተወሰኑ ፎቶዎች ታዘጋጃለች፣ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ያያቸዋል። እያንዳንዱ ፎቶ ያው አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ማቅናት፣ መቁረጥ፣ ማጉላት፣ ማጥቆር፣ ማንጣት። ሲደጋገም የእጇ አንጓ አበጠ። በፋሻ ጠቅልላው ቀጠለች። የከፋው ግን የጋሼ ዓይን ባለበት አለመቆየቱ ነበር። ባለፈው ወር በደንብ ያየውን ፎቶ በዚህ ወር ስታሳየው «ደብዝዟል» ይላታል። ፎቶው አልደበዘዘም። ሥራውን ሁሉ እንደ አዲስ ከሥር መጀመር ሊኖርባት ነው።

ለልጇ ደወለች። እኔ ጎኗ ተቀምጬ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኼን ማሽን አንዴ ነግሬው፣ ሁሉንም ፎቶ ራሱ እንዲሠራልኝ ማድረግ አይቻልም?»

«ይቻላል እማዬ። ስክሪፕት ይባላል፣ ትእዛዙ ይጻፍለታል። ግን ያ የፕሮግራም ሥራ ነው፤ አንቺ አትድከሚ፣ ሰው ልፈልግልሽ።»

«ሰው ምን ያደርግልኛል? በየወሩ ዓይኑ ሲለወጥ በየወሩ ሰው ልጥራ? እንዴት እንደሚጻፍ ብቻ ንገሪኝ።»

ልጅቷ በስልክ ማስተማር ጀመረች። እቴቴ ትእዛዞቹን የምትጽፈው በሁለት ጣት ነው። መጀመሪያ የጻፈችው ስክሪፕት አንድ ፎቶ ከፍቶ የሚዘጋ ብቻ ነበር፤ ከፍቶ ሲዘጋ እንግዳ ጠርታ ልታሳይ ምንም አልቀራት። ቀጥሎ የጻፈችው ፎቶዎቹን ሁሉ ድፍን ጥቁር አደረጋቸው። ጋሼ ቴሌቪዥኑ ፊት ጥቂት ተቀምጦ «ዛሬ ጨለማ ክፍልሽን ይዘሽው መጣሽ እንዴ?» አላት። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ዋናው ችግር ግን የትእዛዙ አጻጻፍ አልነበረም። ማሽኑ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው፤ እጇ የሚያውቀውን ነገር ደግሞ እሷ ራሷ በቃል ተናግራው አታውቅም። ፊት ስንት ጊዜ ይከለላል? ቀሚስ መቼ ይበቃዋል? አንዳንዴ ዓይኗን ጨፍና፣ ጠረጴዛው ላይ መዳፏን ድሮ እንደምታደርገው እያንቀጠቀጠች ትቀመጥ ነበር። ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት «ዝም በይኝ፣ እየሰማሁት ነው» አለችኝ። ከጋሼ ልማድም ያገኘችው እርዳታ ነበር። ጋሼ ሰውን ሁልጊዜ ከመጋረጃው ፊት ልክ መሃል ላይ ነው የሚያቆመው፤ ስለዚህ «መሃሉን አጉላ» የሚል አንድ ትእዛዝ ለአብዛኛው ፎቶ በቃ። «ግትርነቱ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ» አለች።

ልጇ አንድ የኢንተርኔት መድረክ አሳየቻት። ማንም ሳያዛቸው፣ ለራሳቸው ደስታ ብለው የፎቶ ስክሪፕት የሚጽፉ ሰዎች የሚገናኙበት ነው። የሚጻጻፉት በሌላ ቋንቋ ነው፤ እቴቴ በተርጓሚ ፕሮግራም እየታገዘች ታነባለች፣ ትርጉሙ ሲንሻፈፍባት እኔን ትጠራለች። የቢራቢሮ ፎቶ የሚሰበስብ የጥርስ ሐኪም አለ። የተንጋደዱ ፎቶዎችን የሚያቀና ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ አለ። እቴቴ ስለ ሙሽራውና ስለ ቀሚሱ ጠየቀች። ባቡር ነጂው፣ ፎቶውን በትናንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ለብቻው ማብራትና ማጥቆር እንደሚቻል፣ አጻጻፉንም ጭምር አሳያት። እቴቴ ደጋግማ አነበበችና መዳፏን ዘርግታ አየችው። «ይኼ እኮ እጄ ነው» አለች።

አንድ ጊዜ እዚያ መድረክ ላይ አዲስ የገባ ሰው ሁሉንም ጠየቀ። በእጅ በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሥራ ለማቃለል አንድ ወር ስክሪፕት መጻፍ ምን ይሉታል? ባቡር ነጂው «ዕድሜዬን በሐዲድ ላይ ኖሬ ጠማማ ነገር ማየት አልችልም» ሲል መለሰ። የጥርስ ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ያለ እሱ እጅ የማይሆን ሥራ ስለሆነ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ያለ እጁ የሚሠራ ነገር ማየት እንደሚያሳርፈው ጻፈ። አንዱም «ሰነፍ ስለሆንኩ ነው፤ ስንፍና ይህን ያህል እንደሚያደክም ግን አላወቅኩም ነበር» አለ። እቴቴ ብዙ አስባ እንዲህ አለች፦ «መጀመሪያ እጄ ታሞብኝ ነው። አሁን እጄ ድኗል፣ ግን አልተውኩትም።»

እናቴ ይህን ሁሉ ስታይ አላስቻላትም። አንድ ቀን ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ «አንቺ ሴትዮ፣ በእጅሽ ብትሠሪው ኖሮ ይሄኔ ጨርሰሽ አርፈሽ ነበር» አለቻት።

«ጨርሼስ ምን ልሠራ?» አለች እቴቴ፣ ዓይኗን ከሞኒተሩ ሳትነቅል።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ የራሷን የተቀዳደዱ ፎቶዎች በፌስታል ይዛ መጣችና «ይሠራ እንደሆነ ለማየት ያህል ነው» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ስክሪፕቱ በትክክል መሥራት የጀመረው ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ነበር። እቴቴ አንድ ቁልፍ ትጫንና ወጥ ቤት ትገባለች፤ ሽንኩርት ከትፋ እስክትመለስ አንድ ካርቶን ሙሉ ፎቶ ተሠርቶ ይጠብቃታል። የጋሼ ዓይን ሲደክም የምትለውጠው አንዲት ቁጥር ብቻ ነው፤ ጥቁርና ነጩን የምታራርቀውን። ቁጥሯን ከፍ ታደርግና ሁሉም እንደገና ይሠራል። ጋሼም ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመለሰ። «የግራውን ጉንጭ አጠቆርሽው።» «ይኼ ልጅ መቼ ይህን ያህል ነጭ ሆኖ ያውቃል?» እቴቴ ስድብ የተሰደበች መስላ ታጉረመርማለች፣ ወዲያው ደግሞ ትእዛዟ ውስጥ ገብታ ታስተካክላለች። እሱ ጉድለት ያገኘ ቀን ምሳ ላይ ሳይቀር ታንጎራጉር ነበር።

ቁጥሯ ግን ከፍ ማለቷን አላቆመችም። አንድ ቀን እቴቴ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ሞኒተሩ ላይ ያለው ፊት መካከለኛ ቀለም የለውም፤ ጥቁሩ ድፍን ጥቁር፣ ነጩ ድፍን ነጭ ነው። «ከዚህ ወዲያ የለም» አለችኝ። «ከዚህ በላይ ብጨምር ፊት መሆኑ ይቀራል።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ፎቶው ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር።

«አልከፈትሽውም እንዴ?» አለ።

እቴቴ እኔን አየችኝ። ትዋሻለች ብዬ አስቤ ነበር። «ተከፍቷል» አለችው።

ጋሼ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። የጎረቤት ሬዲዮ ዜና ሲያነብ ይሰማል። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ድምፅ አዞረና «እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ» አለ።

መናገር ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ለማሽኑ እንደምትናገረው ነበር የምትነግረው፤ መሃል ላይ አንዲት ሴት አለች፣ በቀኝ በኩል ሕፃን። ጋሼ ትዕግሥት አልነበረውም። «ሴት አለች ምን ማለት ነው? እንዴት ነው የቆመችው? ልጁን እንዴት ነው የያዘችው? እንደ ዕቃ ነው ወይስ እንደ ልጅ?» ይላታል። ቀስ በቀስ ለመደችው። እሱም ፎቶው ላይ የሌለውን ይጨምርላታል፤ ከመጋረጃው ኋላ ማን ቆሞ እንደነበር፣ ሕፃኑ ለምን እንዳለቀሰ፣ በማን ኮት እንደተነሱ። የሚስማሙበት ጊዜ አለ፣ የሚጣሉበትም አለ። «ባርኔጣ አላደረገም» ትለዋለች፤ «አድርጎ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስወለቅኩት» ይላታል። ያን ስክሪፕት እቴቴ አልጣለችውም። መድረኩ ላይ ለሁሉም አስቀመጠችው፤ አንድ የማታውቀው ሰው የእናቱን ዓይን እየለካ ቁጥሯን እንደሚቀያይር ጽፎላት ነበር። ለራሷ ደግሞ ፎቶውን ሳያካብድ አጽድቶ የሚያወጣ ሌላ ጻፈች። ጋሼ ሰዎቹን በስም እየለየላት፣ የወላጆቻቸውን ፎቶ የሚፈልጉ የሰፈሩ ልጆች እየመጡ ይወስዱ ጀመር።

እንዲህ ሲሠሩ አብሬያቸው ከዋልኩባቸው ቀኖች አንዱ ከልቤ አይወጣም። ስክሪፕቱ ከአንድ ጥቅል ጫፍ ላይ፣ ማንም ያላሳተመውን አንድ ፎቶ አወጣ። በስቱዲዮ የተነሳ አይደለም። ግቢ ነው፣ ፀሐይ አለ።

«አንዲት ሴት ናት» አለች እቴቴ። «ጀርባዋን ሰጥታለች። ሽርጥ ታጥቃለች፣ እጅጌዋን ሰብስባለች። ልብስ እያሰጣች ነው።»

«ምን ዓይነት ልብስ?»

«ትንንሽ። መሐረብ ይመስላል።»

ጋሼ ራሱን ወደ ኋላ አስደገፈ። «መሐረብ አይደለም» አለ። «ፎቶ ነው። የሠርግ ሥራ በዝቶብን የውስጡ ገመድ አልበቃ ያለ ጊዜ ግቢ አውጥተሽ ነበር የምታሰጪው። ፊልሙ ላይ የአንዲት ፎቶ ቦታ ቀርታ ነበር።»

እቴቴ ወደ ሞኒተሩ ተጠጋች። የሰው ሁሉ ፊት በእጇ አልፏል፤ የራሷን ጀርባ ግን የት አይታው ታውቃለች?

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ብነግርሽ ትዞሪ ነበር።»

እኔ እዚያ መቀመጤ አሳፈረኝ፤ ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ። ስመለስ እቴቴ ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ ጠርጋ፣ ፎቶውን ሌሎቹ ወዳሉበት ፎልደር ልካዋለች። ይቺን እንኳ በእጅሽ ለብቻዋ አታሳምሪያትም ወይ አልኳት።

«ከሌሎቹ በምን ትበልጣለች?» አለችኝ።

«ሽርጧ ቆሻሻ ነበር» አለ ጋሼ ከወንበሩ። «በይ፣ ቀጥዪ።»